የመርከቧ ዋንጫና የሲንጋፖሯ እሑድ

ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ ወደ ሃይፋ የተሳፈሩባት የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስሟ ኢንተርፕራይዝ ነበር። በማግሥቱ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ መርከቧም በእኛ ታሪክ ውስጥ የስደት መርከብ ሆና ቀረች። ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል ግን፣ ናይሮቢና ካምፓላ ላይ፣ የዚህችው መርከብ ስም የሚነሣው በጨዋታ ምክንያት ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ከማሳፈሯ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ባሕረኞቿ ለምሥራቅ አፍሪካ የራግቢ ክለቦች አንድ ዋንጫ አበርክተው ነበር። ከ1930 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልገለጽሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ ክለቦች ተጋጠሙበት። ኢንተርፕራይዝ ካፕ ይሉታል። የሰጪዋ መርከብ ከተሰናበተች ዘመናት ቢያልፉም ዋንጫዋ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል።

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ራግቢ የሚያወራ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይጀምርም። የሚጀምረው ከአንዲት እሑድ ነው፦ ሚያዝያ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አፕሪል 17 ቀን 2016። በዚያ ቀን ኬንያ ሲንጋፖር ላይ የፊጂን ቡድን 30 ለ 7 ረትታ የዓለም የሰቨንስ ራግቢ ዙር ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣች። ኬንያን በሯጮቿ ብቻ ለምናውቅ፣ ከእነርሱ ጋር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ስንተናነቅ ለኖርን ኢትዮጵያውያን፣ ዜናው ትንሽ ግር የሚያሰኝ ነበር። ኬንያና ራግቢ ምንና ምን ናቸው? ሌላም ጥያቄ አለ፤ ለእኔ ይህኛው ይበልጣል። በአሥራ አምስት ሰው የሚጫወተው ቡድኗ አንድም ጊዜ ዓለም ዋንጫ ያልደረሰ አገር፣ በሰባት ሰው ሲጫወት የዓለምን ኃያላን የሚረታው እንዴት ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ሰፋሪዎቹ ዘመን መመለስ ግድ ነው። የኬንያ ራግቢ ታሪክ ጸሐፊዎች መነሻ የሚያደርጉት በ1909 የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ከነጭ ሰፋሪዎች ጋር ያደረጉትን ግጥሚያ ነው። በ1923 ናይሮቢ ውስጥ ኖንዲስክሪፕትስ የተባለ ክለብ ተመሠረተ፤ ዛሬም አለ። ክለብ ሲባል ቤቱን፣ ቡና ቤቱን፣ የአባልነት መዝገቡን ጭምር ነው። ጥቁር ሰው በዚያ ቅጥር ውስጥ ከታየ ሣር ሊያጭድ ወይም ብርጭቆ ሊያነሣ ነበር። ጨዋታው ከለንደን ሳይለወጥ መጥቶ ሳይለወጥ እንዲቆይ ተፈልጎ ነበር፤ ተጫዋቹም፣ ዳኛውም፣ ተመልካቹም አንድ ዓይነት ሰው።

በ1953 የምሥራቅ አፍሪካ ራግቢ ዩኒየን ተቋቋመ። ልብ በሉ፤ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 1952፣ የቅኝ ገዥው መንግሥት በማው ማው አመፅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥቷል። በአበርዴር ተራራ ጫካ ውስጥ ውጊያ አለ፤ ኪኩዩዎች በገፍ ወደ እስር ካምፖች እየተጋዙ ነው። በዚህ መሀል ናይሮቢ የብሪታንያና የአየርላንድን ምርጥ ተጫዋቾች አንድ ላይ የያዘውን የላየንስ ቡድን ለመቀበል ሽር ጉድ ትል ነበር። ላየንስ በ1955 ደቡብ አፍሪካ ዘልቀው አራት ይፋዊ ግጥሚያ አድርገው ሁለት ለሁለት ተለያይተዋል። በቡድኑ ውስጥ እንደ ዌልሱ ክሊፍ ሞርጋንና እንደ አየርላንዳዊው የ19 ዓመት ወጣት ቶኒ ኦራይሊ ያሉ ስመ ጥር ሰዎች ነበሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ናይሮቢ ላይ አረፍ ብለው፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ምርጥ ቡድን ጋር ተጋጠሙ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ነው፤ አዲስ አበባ መስቀልን ስታከብር ናይሮቢ ላየንስን ታስተናግድ ነበር ማለት ነው። እንግዶቹ 39 ለ 12 አሸነፉ።

ይህ ጨዋታ ዛሬ ድረስ የሚወሳው ግን በውጤቱ ወይም በክሊፍ ሞርጋን አይደለም። ጨርሶ ባልተጫወተ ሰው ነው የሚወሳው፤ ኋላ የኡጋንዳ አምባገነን በሆነው በኢዲ አሚን።

ኢዲ አሚን ያን ጊዜ በንጉሡ አፍሪካውያን ጠመንጃ ያዦች ጦር፣ በስሙ ምሕፃር ኬ.ኤ.አር. በሚባለው፣ ውስጥ ያገለግል ነበር። ቁመቱም ግዝፈቱም የሚያስደነግጥ፣ ለዓመታት የኡጋንዳ የቀላል ከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ራግቢም ተጫውቷል፤ ጂንጃ ከተማ ውስጥ ለናይል ክለብ፣ ከፊት ከሚገፉት መካከል። ይህ እውነት ነው። ከእውነቱ ላይ የበቀለው ተረት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ አሚን በ1955 ላየንስን በገጠመው ቡድን ውስጥ ተቀያሪ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። በእንግሊዝ ጋዜጦች፣ በስፖርት መጻሕፍት፣ በቢራ ጠረጴዛ ጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲደጋገም ኖሯል።

ተረቱን የሚያፈርሰው ቀላል ነገር ነው። ያን ጊዜ በራግቢ ተቀያሪ የሚባል ነገር አልነበረም። በዓለም አቀፍ ግጥሚያ የተጎዳን ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው በ1968 ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው አጥንቱ ቢሰበር ቡድኑ በአሥራ አራት ይጨርሳል። በሌለ ወንበር ላይ መቀመጥ አይቻልም። በቡድኑ የስም ዝርዝርም ሆነ በፎቶግራፉ ላይ አሚን የለም። እኔን የሚገርመኝ የተረቱ ሐሰት መሆን ሳይሆን ዕድሜው ነው። አምባገነኑን በነጮቹ ሜዳ ዳር ማስቀመጥ ለተራኪዎቹ ጣፋጭ ነበረና ማንም ሊያጣራው አልፈለገም። ስለዚያ ቀን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ አገሬው ከሜዳው ውጭ በእስር ካምፕ ሆኖ ሳለ «ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ማልያ ለብሶ የተሰለፈው ማንን ወክሎ ነው?

ላየንስ በ1962 እንደገና መጥተው 50 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ኡጋንዳ በዚያው ዓመት፣ ኬንያ በ1963 ነፃ ወጡ፤ ሰፋሪዎቹም እየተሸኙ ሄዱ። ብዙዎች ራግቢም አብሯቸው ይሄዳል ብለው ሳይገምቱ አልቀረም። ኡጋንዳ ውስጥ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ራግቢ ተጫዋች የነበረው ወታደር በ1971 ሥልጣን ያዘ፤ በዓመቱ እስያውያንን አባረረ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት የመከራ ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ይዞ ሜዳ መውጣት ቅንጦት ሆነ።

ኬንያ ውስጥ ጨዋታውን ያተረፉት ትምህርት ቤቶቹ ናቸው። የነጭ ልጆች ይማሩባቸው የነበሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ለአፍሪካውያን ሲከፍቱ፣ የዮርክ መስፍን ትምህርት ቤት ሌናና፣ የዌልስ ልዑል ትምህርት ቤት ደግሞ ናይሮቢ ስኩል ተብለው ሲሰየሙ፣ የራግቢ ሜዳዎቹም አብረው ተወረሱ። ጎል ቋሚው አለ፣ ኳሱ አለ፣ የቅዳሜው መርሐ ግብር አለ። ልጆቹ ገቡበት። እነዚያ ልጆች ሲያድጉ ሁለት ነገር አደረጉ፤ ሁለቱም በ1977። አንደኛ፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሚን ማሽን የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ሁለተኛ፣ ጥቁር ኬንያውያን ተጫዋቾች የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፤ ስሙን ሙዋምባ አሉት፣ በስዋሂሊ አለት ማለት ነው። ሰፋሪዎቹ ካቆሟቸው ክለቦች አጠገብ፣ በአባልነት ክፍያና በቡና ቤት ልማድ ሳይሆን በራሱ ልጆች የቆመ ክለብ። የ1977 ዓመት ለእኔ ከ1955 ይበልጣል፤ ለጋዜጣ ርዕስ የሚሆን ተረት ግን ስለሌለው ማንም አያነሣውም።

እዚህ ላይ ስለ ሰቨንስ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጨዋታው በ1883 ሜልሮዝ በተባለች የስኮትላንድ ከተማ የተጀመረ ነው። የአካባቢው ክለብ ገንዘብ አጥሮት ነበር፤ ኔድ ሄግ የሚባል ሥጋ ቆራጭ በአንድ ቀን ብዙ ቡድኖችን ለማጫወት ይመች ዘንድ የተጫዋቹን ቁጥር እንቀንስ አለ። ሜዳው ያው ነው፤ ሰዉ ግን ከአሥራ አምስት ወደ ሰባት ይወርዳል፤ እያንዳንዱ አጋማሽ 7 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ኳሷን ይዞ ከመስመሩ ማዶ መሬት ያስነካ ትራይ ያስቆጥራል፤ 5 ነጥብ ነው። ትራዩን ተከትሎ በቋሚዎቹ መሀል ከተመታ 2 ይጨመራል። ሰፊ ሜዳ ላይ ሰው ሲያንስ ክፍተቱ ይበዛል፤ ክፍተት በበዛበት ደግሞ ከጉልበት ይልቅ ፍጥነትና ትንፋሽ ይገዛል። በገንዘብ እጥረት የተወለደ ጨዋታ ገንዘብ ለሌለው ፌዴሬሽን ቢስማማ አይገርምም።

የአሥራ አምስቱ ራግቢ ሌላ ዓለም ነው። እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚገፉት ስምንት ሰዎች ክብደትና ብልሃት በዓመታት ልምምድ፣ በየሳምንቱ በሚደረግ ጠንካራ ሊግ፣ በሐኪም፣ በምግብ የሚገነባ ነው። ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ይህን የሚያደርጉት በሺዎች በሚቆጠሩ ክፍያ በሚያገኙ ተጫዋቾች ነው። ለሰቨንስ ግን የግጥሚያ ቡድኑ አሥራ ሁለት ሰው ነው። አሥራ ሁለት ፈጣን ልጅ፣ አንድ ጎበዝ አሠልጣኝና የአውሮፕላን ትኬት ካገኘህ ከዓለም ጋር ትሰለፋለህ። ኬንያ ያደረገችው ይህን ነው።

በ1996 በናይሮቢ፣ በንጎንግ መንገድ ዳር ባለው የዩኒየኑ ሜዳ፣ ሳፋሪ ሰቨንስ የተባለ ዓመታዊ ውድድር ተጀመረ። ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች ከኬንያ ልጆች ጋር የሚጋጠሙበት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ለናይሮቢ ወጣት ደግሞ ከዓመቱ ታላላቅ የመዝናኛ ቀኖች አንዱ ሆነ። ሙዚቃው፣ የተጠበሰው ሥጋ፣ የፊት ቀለሙ፣ ልጃገረዶቹ፤ ቢራው ሳይረሳ። ተመልካቹ እየበዛ ሄዶ በ2011 ውድድሩ ወደ ኒያዮ ብሔራዊ ስታዲየም እስከ መዛወር ደረሰ። የሰፋሪዎች ክለብ ጨዋታ የከተማ ሕዝብ ጨዋታ የሆነው በዚህ ሜዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ዓለም የነቃው በማርች 2009 ነው። በዱባይ በተደረገው የሰቨንስ ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ በአንድ ቀን ኒውዚላንድ፣ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ ተሰናበቱ፤ የዋንጫው ባለቤት ፊጂም ተከተለች። ፊጂን 26 ለ 7 ያሰናበተችው ኬንያ ነበረች። በግማሽ ፍጻሜው በአርጀንቲና 12 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያዋ አደሌድ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የዙሩ ፍጻሜ ደርሳ በደቡብ አፍሪካ ተሸነፈች። በ2013 ዌሊንግተን ላይ እንደገና ፍጻሜ ደረሰች፤ በተጨማሪ ሰዓት እንግሊዝ 24 ለ 19 አሸነፈቻት። ሁለት ፍጻሜ፣ ሁለት ሽንፈት።

የዱባዩን ቡድን ያሠለጠነው ቤንጃሚን አይምባ ነው። ራሱ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች የነበረ፣ የኬንያን ልጆች ቋንቋቸውንም ሥነ ልቡናቸውንም የሚያውቅ ሰው። በኋላ ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ ከጊዜ በኋላ እንግሊዛዊው ማይክ ፍራይዴይ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካዊው ፖል ትሩ መጡና ሄዱ። ቡድኑ ሲናጋ አይምባን መልሰው ጠሩት። በኖቬምበር 2015 ጆሃንስበርግ ላይ ኬንያ ዚምባብዌን 21 ለ 17 አሸንፋ የሪዮ ኦሊምፒክ ትኬት ቆረጠች። ከዚያ ነው ሲንጋፖር የመጣችው።

ፊጂዎች ወደ ሲንጋፖር የገቡት ከሳምንት በፊት የሆንግ ኮንግን ዋንጫ አንሥተው ነው። የዓመቱ ዙር ባለ ድል ነበሩ፤ ከአራት ወር በኋላም የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰዱ። እሑድ ዕለት ኬንያ በሩብ ፍጻሜው ፈረንሳይን 28 ለ 7 ሸኘች። ግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር ነበር፤ የዱባይን ቂም በ15 ለ 12 ተወጣች። በዕለቱ ከባዱ ጨዋታ ይህኛው እንጂ ፍጻሜው አልነበረም ባይ ነኝ። ናይሮቢ ከሲንጋፖር በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች በዚያ ሲመሽ በንጎንግ መንገድ ገና ቀን ነበር።

በፍጻሜው አምበሉ አንድሩ አሞንዴና ጓደኞቹ ለፊጂዎች ትንፋሽ አልሰጧቸውም። ፊጂዎች የሚታወቁት ኳሷን በመጨረሻዋ ቅጽበት፣ እየወደቁም ቢሆን፣ ለጓደኛ በማቀበል ነው። ኬንያውያኑ ኳስ ተቀባዩን ገና ኳሷ እጁ ሳትገባ ተጠግተው እየጣሉት ያንን ጥበብ አከሸፉት። ኮሊንስ ኢንጄራ (አዎ፣ ስሙ እንደዚያ ነው) ሁለት ትራይ አስቆጥሮ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። በቀጣዩ ወር ለንደን ላይ በዙሩ ታሪክ ከማንም በላይ ትራይ ያስቆጠረ ተጫዋች ሆነ፤ ክብረ ወሰኑን በኋላ የእንግሊዙ ዳን ኖርተን ወስዶበታል። ኢንጄራና ወንድሙ ሀምፍሪ ካያንጌ፣ የቀድሞው አምበልና ኋላ በ2021 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል የሆነው፣ ሁለቱም የሙዋምባ ክለብ ልጆች ናቸው። በ1977 የተጣለው መሠረት የት እንደደረሰ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከፍታና ዝቅታው የተቀላቀለ ነው። በሪዮ ከ12 ቡድን 11ኛ ወጡ። በ2018 በፓሪሱ ውድድር ተጫዋቾቹ ክፍያችን አልደረሰንም ብለው የስፖንሰሩን አርማ ሸፍነው ሜዳ ገቡ። አይምባ በሜይ 2021፣ ከወራት የወባ ሕመም በኋላ፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ አረፈ። በሜይ 2023 ለንደን ላይ ካናዳ 12 ለ 7 አሸነፈቻቸውና ከዓለም ዙር ወረዱ። በ2024 ማድሪድ ላይ ተመልሰው ገቡ።

አሥራ አምስቱስ? ሲምባ የሚባለው ቡድን በዚህ ሁሉ መሀል እዚያው የጎረቤት ግጥሚያውን ሲጫወት ኖሯል። ከ2004 ጀምሮ ኬንያና ኡጋንዳ በድንበራቸው ላይ በተዘረጋው ተራራ ስም የተሰየመውን የኤልገን ዋንጫ በደርሶ መልስ ይጋጠማሉ። በብዛት ኬንያ ታሸንፋለች፤ ኡጋንዳውያን ግን በቀላሉ የሚሸነፉ አይደሉም። ከአሚን ዘመን ፍርስራሽ ተነሥተው በ2007 አንታናናሪቮ ላይ ማዳጋስካርን 42 ለ 11 አሸንፈው የአፍሪካ ዋንጫን ወስደዋል።

የኡጋንዳ ራግቢ ቤት የካምፓላው ኪያዶንዶ ሜዳ ነው። ይህ ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ምሽት በዚያ ሜዳ ሕዝብ የስፔንንና የሆላንድን የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በትልቅ ስክሪን ሲመለከት ቦምብ ፈነዳ። በዚያው ምሽት ሌላው ፍንዳታ የደረሰው በካባላጋላ ሠፈር ኢትዮጵያን ቪሌጅ በተባለው ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። አልሸባብ ኃላፊነቱን ወሰደ፤ በሁለቱ ስፍራዎች 74 ሰው አለቀ። አንድ የራግቢ ሜዳና አንድ የአበሻ ምግብ ቤት በአንድ ሐዘን ተጠሩ። ራግቢ በኪያዶንዶ ቀጠለ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ሂዘንስ የተባለው ክለብ ዛሬም እዚያው ይጫወታል።

ኬንያ ለአሥራ አምስቱ ዓለም ዋንጫ ከሁሉም ይበልጥ የቀረበችው በጁላይ 2014 ነው። አንታናናሪቮ ላይ ናሚቢያን አሸንፋ፣ ማዳጋስካርን 34 ለ 0 አሸንፋ፣ በመጨረሻው ቀን የቀረቻት ዚምባብዌ ብቻ ነበረች። ዚምባብዌ 28 ለ 10 አሸነፈቻት፤ ትኬቱን ናሚቢያ ወሰደች። ከቡድኑ ውስጥ ፈጣን የሆነውን ሁሉ ሰቨንስ እየወሰደው፣ ስፖንሰሩም ካሜራውም ወደዚያው እየሄደ፣ ሲምባዎቹ በዓመት ጥቂት ግጥሚያ ብቻ እየተጫወቱ እዚህ መድረሳቸው ራሱ የሚደነቅ ነው። የኬንያ ራግቢ ሰዎች በዚህ ነገር ሁለት ጎራ ናቸው። አንዱ ወገን በምናሸንፍበት እንበርታ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሰቨንስ ራሱ የሚያብበው ከክለቦቹ የቅዳሜ የአሥራ አምስት ጨዋታ ላይ ነው፣ ያ ከደረቀ ይኸኛውም ይደርቃል ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ኢንጄራ ከሲንጋፖር በፊት ለክለቡ በአቧራማ ሜዳ ላይ በአሥራ አምስት ሰው የተጫወተ ልጅ ነበር።

የዓለም ዋንጫው ቡድን ቁጥር ለ2027 ወደ 24 ሲያድግ በር የተከፈተ መስሎ ነበር። የአፍሪካው ማጣሪያ በጁላይ 2025 ካምፓላ ውስጥ ተካሄደ፤ ለኬንያውያን ጎረቤት አገር፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚደረስበት። በግማሽ ፍጻሜው የገጠመቻቸው እንደገና ዚምባብዌ ናት። እንደገናም አሸነፈቻቸው፤ በፍጻሜው ደግሞ ናሚቢያን 30 ለ 28 ረትታ ከ1991 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች።